ከሌዘር በኋላ ፊታችሁ ሲያብጥ

በሁለተኛው ቀን ጠዋት የግራ ዓይኔ አልገለጥ አለኝ። በጣቴ ነካሁት። የዓይኔ ቆብ ውሃ እንደሞላ ፊኛ ውጥር ብሏል። ተነስቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ጉንጬና አገጬ አንድ ላይ ሆነዋል። ቆዳዬ ላይ ደግሞ ወንፊት ተጭኖ የተነሳ ይመስል ጥቃቅን ነጠብጣብ በመስመር በመስመር ተደርድሯል። እማዬ ከኋላዬ መጥታ አየችኝ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «እኔን ልጄን! ምን አድርገውሽ ነው?» አለች። አለቀስኩ። እንባው ራሱ አቃጠለኝ።

ክሊኒኩ የሸኘኝ «ትንሽ ያብጣል፣ ሦስት ቀን ነው» ብሎ ነበር። የት ላይ እንደሚብስ፣ በምን እንደምታጠብ፣ ምን መቀባት እንደሌለብኝ የምትነግር አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንኳን አልሰጡኝም። ይህን የምጽፈው ያቺ ወረቀት ለሚያስፈልጋችሁ ሁሉ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የነበረብኝ ብጉር ሁለቱም ጉንጮቼ ላይ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ ትቶብኝ ነበር። ሌዘር የገባሁት ለእሱ ነው። ሦስት ጊዜ ተሠርቶልኛል፤ በ2015 ጥር፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ እና በ2016 ሐምሌ። በመጀመሪያው ተጎድቻለሁ። ለቀሪዎቹ ሁለቱ ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ፣ እሷ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ፣ እኔም ያለችኝን አንድ በአንድ አደረግኩ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ እሷ ያስተማረችኝንና በራሴ ፊት ላይ ያየሁትን ነው። የእናንተ ሐኪም ከዚህ የተለየ ካዘዘ እሱን ስሙ።

እብጠቱ ከየት ይመጣል?

የእኔው ፍራክሽናል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ይባላል። ብርሃኑ ቆዳ ውስጥ ያለውን ውሃ ባንዴ አፍልቶ ያተነዋል። ፊት ላይ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ብዙ ቀዳዳዎችን ይተዋል። በቀዳዳዎቹ መሀል ያልተነካ ቆዳ አለ። ቶሎ የሚድነውም ያ ደህናው ቆዳ ከዚህም ከዚያም እያደገ ስለሚሸፍነው ነው። እንግዲህ ይሄ ቁስል ነው። ሰውነት ደግሞ ቁስል ሲያገኘው የታወቀ ሥራውን ይሠራል። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ወደ ቆዳው ይወጣል፣ ቦታው ይግላል፣ ያብጣል።

ስለዚህ ማበጡ ብቻውን አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በተሠራችሁ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል። ከዚያ እየጎደለ ሄዶ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንት ሳይሞላ ይጠፋል። ጠዋት ይከፋል፣ ወደ ማታ ይሻላል፤ ተጋድመን ስናድር ፈሳሹ ፊት ላይ ይጠራቀማላ። ዓይን ሥር የሚብሰው ደግሞ እዚያ ያለው ቆዳ ስስና ልል ስለሆነ ነው። ዓይናችሁ አካባቢ ጨርሶ ባይሠራ እንኳን የግንባሩ ፈሳሽ ወርዶ እዚያው ያርፋል። ይህን ባውቅ ኖሮ ያን ጠዋት ያን ያህል አልደነግጥም ነበር።

ጸጉር ለማስወገድ ሌዘር የምትሠሩ ሰዎች ነገሩ ይቀላችኋል። በየጸጉሩ ሥር ሽፍታ የሚመስል ትንንሽ እብጠት ይወጣል፣ ከጥቂት ሰዓት እስከ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ይጠፋል። የቀዘቀዘ ጨርቅ ይበቃዋል። ስለ ጸሐይና ስለ ሙቀት ታች የምለው ግን እናንተንም ይመለከታል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናትና ሌሊቶች

ከክሊኒክ ስትወጡ ፊታችሁ ጸሐይ ክፉኛ እንደመታው ሰው ያቃጥላል። የማደንዘዣው ቅባት ሲለቅ ደግሞ ለሁለት ሦስት ሰዓት ይብሳል። የሚያደርሳችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ ብቻዬን ታክሲ ተሰልፌ ነው የመጣሁት። ጥር ነበር፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት።

ቅዝቃዜ በእነዚህ ሁለት ቀናት ትልቁ መድኃኒት ነው። በረዶውን ግን በቀጥታ ቆዳው ላይ አታስቀምጡት። ቆዳው ገና ደንዝዞ ስለሚሆን በረዶ ሲያቃጥላችሁ አይሰማችሁም። እኔ የማደርገው ይህ ነው። ትንሽ በረዶ በላስቲክ ከረጢት አስሬ፣ ላስቲኩን በታጠበና በተተኮሰ ቀጭን ጨርቅ እጠቀልለዋለሁ። አሥር ደቂቃ ጉንጬ ላይ፣ ከዚያ ዕረፍት። ነቅቼ እስካለሁ ድረስ በየሰዓቱ እንደዚያ። አልጫነውም፣ አስጠጋዋለሁ ብቻ። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ካልሠራ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ የተነከረ ጎዝም ይሆናል።

አተኛኘት ላይ ቸል አትበሉ። ጭንቅላታችሁ ከደረታችሁ ከፍ ይበል። ሁለት ትራስ ብቻ ስደራርብ ሌሊት እየተንሸራተትኩ ጠፍጣፋ ሆኜ እነቃ ነበር። በሁለተኛው ዙር ከፍራሹ ሥር፣ በራስጌ በኩል፣ የታጠፈ ጋቢና ብርድ ልብስ አስገባሁበት። ፍራሹ ራሱ ተዳፋት ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ዓይኖቼ ተገልጠው ነበር። በጀርባችሁ ተኙ። የትራስ ልብሱን በየቀኑ ቀይሩ።

ከሌዘሩ አንድ ቀን በፊት ጸጉራችሁን ታጠቡ። ቅቤም ሆነ የጸጉር ቅባት ለሳምንት ይቅር፣ ቀልጦ ግንባር ላይ ይወርዳልና። ማታ ማታ ንጹህ ሻሽ እሰሩ።

ጨው ቀንሱ። ጨው ውሃ ይይዛል፣ እብጠቱም ላይ ይታያል። እማዬ ለሳምንት የእኔን ሽሮ ለብቻ በትንሽ ድስት ትሠራልኝ ነበር። ውሃ በደንብ ጠጡ። አልኮል ተዉ። ስፖርት፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ ጎንበስ ብሎ ቤት መወልወል ለሳምንት ይቆይ። ጎንበስ ስትሉ ደሙ ወደ ፊት ሲሞላ ራሳችሁ ይሰማችኋል።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ ወይም አስፕሪን ከመዋጣችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። አስፕሪን ለልብ ታዝዞላችሁ የምትወስዱ ከሆነ ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። «ለእብጠት» ተብሎ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ዴክሳም ሆነ ፕሬድኒሶሎን አትውሰዱ። እብጠቱ ከባድ ከሆነ ሐኪሙ ራሱ ሊያዝ ይችላል፣ መጠኑንም ቀኑንም ቆጥሮ።

ማጠብና ቫዝሊን

እዚህ ላይ ዘግየት ልበል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

እኛ ቤት ቁስል ሲኖር «ክፈቺው፣ አየር ይምታው» ነው የሚባለው። ለሌዘር ቁስል ይሄ አይሠራም። ከደረቀ ወፍራም ቅርፊት ይሠራል፣ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፣ መዳኑም ይዘገያል። እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ለዚያ ደግሞ ተራው ቫዝሊን ከውድ ክሬም አያንስም። ነጩን፣ ሽታ የሌለውን ግዙ። የሕፃናት ተብሎ ሽቶ የተጨመረበት ያቃጥላል። ቤት ውስጥ የተከፈተውንና ሁሉም ሰው ጣቱን የሚያስገባበትን ሳይሆን አዲስ ግዙ።

ውሃው ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የምንጠቀመው ጀሪካን ውስጥ ቀናት የቆየውን ነው። በእሱ ክፍት ቁስል አይታጠብም። እኔ ማታ ማታ ውሃ አፍልቼ፣ ከድኜ አሳድረውና በእሱ እታጠባለሁ። ኖርማል ሳላይን የሚባለውን ንጹህ የጨው ውሃ ከመድኃኒት ቤት ከገዛችሁም ጥሩ ነው። ከተከፈተ ግን የተረፈውን በማግስቱ ድፉት።

አካሄዱ እንዲህ ነው። እጄን በሳሙና ደህና አድርጌ እታጠባለሁ። ጎዙን በቀዘቀዘው ውሃ ነክሬ ፊቴ ላይ አሳርፈዋለሁ፤ አላሽም። አምስት ደቂቃ ያህል ይቆያል። በመጀመሪያው ቀን ከቆዳው ቢጫ፣ ቀጠን ያለ ፈሳሽ ይወጣል። ደርቆ እንደ ማር ይጣበቃል። የረጠበው ጎዝ ያንን ያላላዋል። ከዚያ ጎዙን ሳነሳ የላላው አብሮ ይመጣል። ያልመጣውን አልጎትተውም፤ ለሚቀጥለው ዙር ይቆየኝ። በሌላ ደረቅ ጎዝ ጠብ ጠብ አድርጌ አደርቃለሁ። በታጠበ ማንኪያ ቫዝሊን ቆርጬ መዳፌ ላይ አደርጋለሁ፣ ጣቴ ዕቃው ውስጥ አይገባም። በስሱ እቀባለሁ። መስታወት ላይ ሲታይ ማብረቅ አለበት፣ መንጠባጠብ የለበትም። ከበዛ የቆዳውን የወዝ ቀዳዳዎች ይደፍንና ብጉር ያወጣል፤ ለእኔ ዓይነት ሰው ደግሞ ብጉር ማለት ሌላ ጠባሳ ነው። ይህን በቀን ከሦስት እስከ አራት ጊዜ።

አንዳንድ ሐኪሞች ውሃው ላይ ጥቂት ነጭ አቼቶ ጠብ እንዲደረግ ያዛሉ። መጠኑን ነግረዋችሁ ከሆነ አድርጉት። ከሰው ሰምታችሁ በግምት አትበጥብጡ።

በአራተኛው ቀን ገደማ ፊታችሁ ቡናማ ይሆናል። እጃችሁን ስታሳርፉበት የአሸዋ ወረቀት ይመስላል። ቀረብ ብላችሁ ብታዩት የቡና ዱቄት የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው። ማሳከክም ይጀምራል። ሌሊት ላይ በእንቅልፍ ልብ እንዳልቧጭር ጥፍሬን በአጭሩ ቆረጥኩ። እነዚያን ቅርፊቶች መላጥ የለባችሁም። ከአፍንጫዬ ጎን አንዷን ብቻ ላጥኳት። የዚያች ቦታ ቅላት ከሌላው ፊቴ ሁለት ወር ዘግይቶ ነው የጠፋው። ማሳከኩ ካስቸገራችሁ ቀዝቃዛ ጎዝ አሳርፉበት፣ ሐኪማችሁንም ስለ አለርጂ ክኒን ጠይቁ። ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው፣ ስትታጠቡ እየተራገፈ ያልቃል። ከሥሩ የሚወጣው ቆዳ ቀላ ያለና ስስ ነው።

ለጥየቃ የሚመጣ ሰው

ሰው ይወዳችኋል፣ ይመጣል። ባዶ እጁን አይመጣም።

አክስቴ ሬት ይዛ መጣች። ጎረቤታችን ማር በብልቃጥ ላከች። ሌላዋ ሎሚ በስኳር አለች። አንዷ ደግሞ «ምች ነው፣ ጸሐይ ላይ ወጥተሽ ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ልትቀባኝ እጇን ዘረጋች። እማዬ ናት የያዘቻት። ከእነዚህ ውስጥ በሌላ ጊዜ የሚጠቅም ይኖራል። ክፍት ቆዳ ላይ ግን አንዱም አይቀባም። ሎሚ ያቃጥላል፣ ጸሐይ ሲያገኘው ደግሞ ራሱ ቆዳ ያጠቁራል። ቅጠል ከአፈር ነው የሚመጣው። ጸበል መጠመቅም ቢሆን ቁስሉ እስኪዘጋ ይቆይ፤ እኔ ለንስሐ አባቴ ነግሬ ነው ያዘገየሁት፣ አልተቆጡኝም። ከመድኃኒት ቤት የሚሸጡ የማቅያ ክሬሞችና የአንቲባዮቲክ ቅባቶችም እንዲሁ፣ ካልታዘዘላችሁ አትንኩ።

ሰላምታውም አለ። ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም ለሁለት ሳምንት ይቅር። አስቀድማችሁ ለቤተሰብ ተናገሩ፤ ሰው በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ «አትሳሙኝ» ማለት ይከብዳል። እማዬ በር ላይ ቆማ «ፊቷ ቁስል ነው፣ በእጅ ጨብጧት» ትል ነበር።

ስለ ምች ካነሳን አንድ ከባድ ነገር አለ። ከንፈር ጫፍ ላይ የሚወጣውና ውሃ የሚቋጥረው፣ እኛ «ምች መታኝ» የምንለው ቁስል፣ ብዙውን ጊዜ ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ ነው። አንዴ ከያዘ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ሌዘር ሊቀሰቅሰው ይችላል። ከተቀሰቀሰ ደግሞ ከንፈር ላይ አይቆምም፤ ክፍት በሆነው ፊት ሁሉ ሊዛመትና ጠባሳ ሊተው ይችላል። ሐኪሟ «ሄርፒስ አለብሽ?» ስትለኝ «ኧረ የለብኝም» አልኳት። «ምች ወጥቶብሽ ያውቃል?» ስትለኝ «በየዓመቱ» አልኳት። በዚያች ጥያቄ ነው አሲክሎቪር ያዘዘችልኝ። ሌዘሩ ከመሠራቱ በፊት አስጀመረችኝ፣ ቆዳዬ እስኪዘጋም ወሰድኩ። ሐኪማችሁ ባይጠይቃችሁ እንኳን እናንተ ንገሩት። በእኛው ቃል ንገሩት።

ምጣድና የታክሲ መስኮት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እብጠቱ ያስፈራል እንጂ ያልፋል። እኛ ጥቁርና ጠይም ቆዳ ያለን ሰዎች ልንፈራው የሚገባው በሦስተኛው በአራተኛው ሳምንት የሚመጣውን ጥቁረት ነው። ቆዳችን ቀለም የሚያመርቱ ንቁ ሕዋሳት አሉት። ቁስል፣ ሙቀት ወይም ጸሐይ ሲነካቸው ከመጠን በላይ ቀለም ያፈስሳሉ። ማድያት ያለበት ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል።

የእኔን ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን የተሠራሁት በሴሚስተር ዕረፍት ነበር። በስድስተኛው ቀን እብጠቱ ጠፋ፣ ቅርፊቱም ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ዳንኩ ብዬ ሥራ ገባሁ። ጠዋት ጠዋት ከአያት ወደ መገናኛ በሚኒባስ ነው የምሄደው። ከሾፌሩ ጀርባ፣ መስኮቱ ጋ መቀመጥ እወዳለሁ። ጸሐይዋ በግራ በኩል ትገባለች። መስታወቱ ዝግ ስለሆነ ምንም አይመስለኝም ነበር። ለካ ቆዳ የሚያጠቁረው የጸሐይ ጨረር ተራ መስታወት ያልፋል። በስምንተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከእማዬ ጋር እንጀራ ስንጋግር ረፈደ። እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝ ትንሽ ጠዘጠዘኝ፣ ዝም አልኩት።

በአራተኛው ሳምንት የግራ ጉንጬ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ጥቁር ቡናማ ምልክት ወጣ። ከጎኑ ሁለት ትንንሽ ተከተሉ። የቀኝ ጉንጬ ደህና ነው። ስድስት ወር ፈጅቶ ነው የለቀቀኝ። ጠባሳዬን ላጠፋ ሄጄ ሌላ ነገር ፊቴ ላይ ይዤ ስመለስ የተሰማኝን ሐዘን ዛሬም አልረሳውም። ተማሪዎቼ ፊት ጥቁር ሰሌዳው ጋ ስቆም የቀኝ ጎኔን ነበር የማዞርላቸው።

ስለዚህ ይህን ያዙልኝ። ለሁለት ሳምንት ምጣድ፣ ምድጃና ከሰል አጠገብ አትቁሙ። እንጀራ ግዙ ወይም ሰው ይጋግርላችሁ። ቡናው ሌላ ሰው ያፍላው፣ እናንተ ራቅ ብላችሁ ጠጡ። ሳውና፣ እንፋሎት፣ በጣም ሙቅ ሻወር ይቅር።

ለጸሐይ ደግሞ ሁለት ምዕራፍ አለ። ቆዳው ክፍት እያለ ሰንስክሪን አይቀባም፤ ያቃጥላል፣ ያስቆጣል። ያኔ መከላከያው ቤት መቀመጥ ነው። መውጣት ግድ ከሆነ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ ነጠላ። ነጠላ አንድ ድርብ ብቻ አይበቃም፣ ሳሳ ያለ ነው፤ አጥፋችሁ ተከናነቡት። ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ ከለቀቀና ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ሰንስክሪን ይጀመራል። መከላከያ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ለስስ ቆዳ ይስማማል። በእኛ ቆዳ ላይ ነጭ አመድ የመሰለ ነገር ስለሚተው የቆዳ ቀለም የተቀላቀለበትን ፈልጉ። ቀለሙ ለማማር ብቻ አይደለም። ውስጡ ያለው አይረን ኦክሳይድ በዓይን የሚታየውን ብርሃንም ይከላከላል፤ እሱም ጠይም ቆዳን ያጠቁራል።

መጠኑ ብዙዎቻችን ከምንቀባው ይበልጣል። ሌባ ጣታችሁና መሀል ጣታችሁ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የተሰመረው ያህል ለፊትና ለአንገት ይበቃል። ውጭ ከሆናችሁ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። እኔ አንዱን ከጠመኔ ሳጥኔ ጋር አስቀምጬዋለሁ። የዕረፍት ደወል ሲደወል እቀባለሁ። ቢያንስ ሦስት ወር እንደዚህ።

«አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ ጸሐይዋ ምን ታደርጋለች?» የሚል አይጠፋም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ብርዱ ሙቀቱን ይደብቃል እንጂ ጨረሩን አይቀንሰውም። ቀጭን ደመናም አብዛኛውን ያሳልፈዋል።

መቼ ነው ሐኪም ጋ የሚኬደው?

እብጠት እየቀነሰ መሄድ አለበት። ከሦስተኛው ቀን በኋላ እየጨመረ ከሄደ፣ ወይም አንዱ ጎን ብቻ ካበጠና ከጋለ ደውሉ። ሕመሙ ቀንሶ የነበረው እንደገና ከበረታ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለ፣ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ቁስሎች በአንድ ቦታ ከተሰበሰቡ እስከ ነገ አትጠብቁ። ዓይናችሁ ውስጥ ሕመም ካለ ወይም ማየት ከደበዘዘ በዚያው ቀን። ምላስና ጉሮሮ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ቆዳው አንድ ቦታ ላይ እየጠነከረና እየወጣ ከመጣ ጠባሳ እየተሠራ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ አሳዩት።

በየቀኑ ጠዋት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን ፎቶ አንሱ። እኔ የመኝታ ቤቴ መስኮት ጋ ነበር የማነሳው። መስታወት ስታዩ ሁልጊዜ የባሰ ይመስላችኋል። የትናንቱን ፎቶ ከዛሬው ጎን ስታደርጉት እውነቱ ይታያል። ለሐኪሟም ያንን ነው በቴሌግራም የምልክላት፤ ሁለት ጊዜ ሳልሄድ ጨርሳልኛለች።

ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት

የሚሠራላችሁ ሰው የቆዳ ሐኪም መሆኑን አረጋግጡ። ማሽኑ ምን ዓይነት ሌዘር እንደሆነ ጠይቁ። «እንደ እኔ ዓይነት ቆዳ ላይ ሠርተዋል? ፎቶ አለ?» በሉ፣ ነውር የለውም። መጀመሪያ ከጆሮ ሥር ትንሽ ቦታ ላይ ተሞክሮ ሳምንታት እንዲታይ ጠይቁ። ለጸጉር ከሆነ ለጥቁር ቆዳ ይበልጥ የሚመከረው ኤንዲ ያግ የሚባለው ነው፤ ብርሃኑ ጠለቅ ብሎ ስለሚገባ ላይኛውን ቀለም ብዙም አይነካውም። ቁስላችሁ ሲድን ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ የሚያድግ ወፍራም ጠባሳ፣ የሚያወጣ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ለብጉር አይሶትሬቲኖይን ከወሰዳችሁ፣ የማቅያ ክሬም ከተጠቀማችሁ ምንም ሳትደብቁ ተናገሩ።

ወሩንም ምረጡ። ከቻላችሁ ክረምት ይሁን። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ጸሐይዋም ብዙውን ቀን አትወጣም። ሦስተኛውን የተሠራሁት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነበር። ፍራሼን አስቀድሜ አዘንብዬ፣ ጎዝና ቫዝሊን ገዝቼ፣ ውሃ አፍልቼ፣ እንጀራ ለሁለት ሳምንት ለጎረቤት አዝዤ ነው የሄድኩት። በሁለተኛው ቀን አበጥኩ፣ ሦስተኛው ላይ ባሰ፣ በስድስተኛው ቀን የራሴን ፊት አገኘሁ። ነሐሴን ሙሉ በባርኔጣ ከረምኩ። የእንቁጣጣሽ ጠዋት እማዬ ሁለቱንም ጉንጮቼን በእጆቿ ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችኝ። በአውራ ጣቷ የግራውን ዳሰሰችው፣ ቀጥላ የቀኙን። ከዚያ ሳመችኝ።